«ያፍነኛል»፦ ሦስት ዓመት ሙሉ በስህተት የተተረጎመ የደረት ሕመም

እትዬ የቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሃል ላይ አሳረፉት። «እዚህ ጋ ያፍነኛል» አሉ። ቡጢው እዚያው እንዳለ ዝም ብለው ሐኪሟን አዩዋት።

እኔ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። «ያፍነኛል» በየቀኑ የምሰማው ቃል ነው። ያን ቀን ግን አፌ ላይ ሲደርስ ያዘኝ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል ልበል ወይስ ደረታቸውን ይጫናቸዋል? አማርኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸከማል። ሐኪም ዘንድ ግን ሁለቱ የሚወስዱት ወደ ተለያየ ምርመራ ነው።

እኔ ከመድረሴ በፊት በስልክ ያስተረጎመላቸው ሰው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበው «ትንፋሽ ማጠር» ብቻ ነው። ሐኪሟን ይቅርታ ጠይቄ፣ ቃሉ ሁለት ትርጉም ስላለው ታካሚዋን ላጣራ ብዬ አስፈቀድኩ። የሥራችን ደንብ ይህን ይፈቅዳል። ከራሳችን መገመትን ግን ይከለክላል።

«እትዬ፣ ትንፋሽ እያጠረዎት ነው ወይስ ደረትዎን እየተጫነዎት?»

«ኧረ ትንፋሽስ አለኝ የኔ ልጅ። የትንፋሹን ለምጄዋለሁ፣ እሱ ሌላ ነው። ይሄ ድንጋይ ነው። ዳገት ስወጣ ይጫነኛል፣ ስቆም ይለቀኛል። ሦስት ዓመቴ እኮ ነው ስናገር።»

ይህን ጉዳይ የምጽፈው እሳቸው ስለፈቀዱልኝ ብቻ አይደለም። «ጻፊው፣ እንደኔ የሚንከራተት ሰው አይጠፋም» ብለው ስለጠየቁኝም ነው። የሕክምና ወረቀቶቻቸውን አብረን ተቀምጠን አንብበናል። ስማቸውንና የታከሙባቸውን ቦታዎች እተዋለሁ። እዚህ እትዬ እላቸዋለሁ። የዚያን ጊዜ 52 ዓመታቸው ነበር።

እትዬ ሲወለዱ ጀምሮ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ነበራቸው። ማንም አላወቀም። ልጅ ሳሉ ከእኩዮቻቸው ጋር መሮጥ አይችሉም ነበር፤ ቤት ውስጥ «ሰነፍ» ተብለው አደጉ። ሁለት ልጆች ወለዱ። አዲስ አበባ ላይ ደረታቸውን ሲያማቸው አንዴ ጨጓራ ነው ተባሉ፣ አንዴ ብርድ ነው ተባሉ። የጨጓራ መድኃኒት ስንት ዙር እንደወሰዱ አያስታውሱም። በዲቪ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ለሥራ ቅጥር ምርመራ ሲያደርጉ አንዲት ነርስ ልባቸው ላይ ያልተለመደ ድምፅ ሰማች። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ ቀዳዳው ተገኘ። በካቴተር፣ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ተዘጋላቸው።

ቀዳዳው ቢዘጋም ያደረሰው ጉዳት አብሮ አልተዘጋም። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከግራው የልብ ክፍል ወደ ቀኙ ደም ያሳልፋል። ያ ትርፍ ደም በየደቂቃው ወደ ሳንባ ይገፋል። አርባ ዓመት እንዲህ ሲሆን የሳንባ ትንንሽ የደም ሥሮች ይወፍራሉ፣ ይጠባሉ፣ ግፊቱ ይጨምራል። ይህ የሳንባ ደም ግፊት ነው፤ ክንድ ላይ ከሚለካው ግፊት የተለየ ነው። ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስደው ትልቁ ቧንቧም ግፊቱን እየቻለ እንደ ፊኛ ይለጠጣል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልኝ። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው።

ለሳንባ ግፊቱ ሁለት መድኃኒት ታዘዘላቸው። አንደኛው ሲልዴናፊል 20 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሌላው አምብሪሴንታን። በመጠኑ ተሻላቸው። ከዚያ ያ «ያፍነኛል» መጣ። በየቀጠሮው ይናገራሉ። በየቀጠሮው በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው ይለያያል። በየቀጠሮው የሚመዘገበው ግን ያው «ትንፋሽ ማጠር» ነው። የሳንባ ደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽ ማጠሩ ደግሞ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የሰሙትን ነው የመዘገቡት። እኔን የሚያንገበግበኝ የሰሙት ነገር እትዬ ያሉት አለመሆኑ ነው።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ያመጣቸው የዊተን የባቡር ጣቢያ ነው። እዚያ ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ 70 ሜትር ይረዝማል፤ በአሜሪካ ምድር እንደሱ ረጅም የለም። ያን ቀን ቆሞ ነበር። እትዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ሥራ እንዳይረፍድባቸው ከሰው ጋር በእግራቸው መውጣት ጀመሩ። ግማሽ ሳይደርሱ ደረታቸው ተያዘ። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዳቸውና ወደ መንጋጋቸው ሄደ። ላብ አሰመጣቸው። እጀታውን ይዘው ተቀመጡ። አንድ መንገደኛ አምቡላንስ ጠራ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትርጉሙ ከተስተካከለ በኋላ የሐኪሟ ሁኔታ ወዲያው ተለወጠ። ዳገት ላይ የሚመጣ፣ ሲቆሙ የሚለቅ፣ በቡጢ የሚታይ የደረት ጫና የልብ ጡንቻ ደም ሲያንሰው የሚሰማ ሕመም ነው። ሐኪሞች ይህን የቡጢ ምልክት በአሜሪካዊው የልብ ሐኪም በሳሙኤል ሌቪን ስም ይጠሩታል። እትዬ «አሁንም ትንሽ ትንሽ አለ» ሲሉ ናይትሮግሊሰሪን ታዘዘ፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የልብ ሕመም ማስታገሻ ነው።

ነርሷ ኪኒኑን ይዛ መጣች። ከመስጠቷ በፊት «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩ።

«አንድ የሳንባ ኪኒን አለኝ። ሌላው ቫይታሚን ነው።»

«ጠርሙሶቹን ይዘዋል?»

ከቦርሳቸው ሁለት ጠርሙስ አወጡ። ነርሷ የቫይታሚኑን ከፍታ እጇ ላይ ገለበጠችው። ትንንሽ ነጭ ክብ ኪኒኖች ወደቁ። ጠርሙሱ ላይ የተሳለው ግን ቢጫ፣ ረዘም ያለ እንክብል ነው። ነርሷ ቀና ብላ አየቻቸው። እትዬ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የቪያግራው ነው። የወንድሜ ሚስት ስሙን አንብባ ቤት ውስጥ ሳቁብኝ። ለዚህ ነው እዚህ ውስጥ የማደርገው።»

ሲልዴናፊል እና ቪያግራ አንድ ንጥረ ነገር ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቱን ለሳንባ ደም ግፊት የፈቀደው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የሳንባ የደም ሥሮችን ያላላል፤ ወንድ ሴት አይልም። ከናይትሮግሊሰሪን ጋር ሲገናኝ ግን ሁለቱ ተደራርበው የሰውነትን ደም ግፊት ድንገት ሊያወርዱት ይችላሉ። ሲልዴናፊል የወሰደ ሰው ለ24 ሰዓት፣ የእሱ ዓይነት የሆነውን ታዳላፊል የወሰደ ለ48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን አይሰጠውም። የእትዬ የደም ግፊት ያን ሰዓት 104 በ62 ነበር። የሳንባ ሕክምናቸው ሌላ ተቋም ስለሆነ መዝገባቸው እዚህ አይታይም።

ተረጎምኩ። ነርሷ ኪኒኑን መልሳ ይዛው ወጣች።

ያ ቀን ሁለቴ አስደንግጦኛል። መጀመሪያ ትርጉሙ ስህተት ስለነበር ሕመማቸው ሳይታወቅ ቆየ። ትርጉሙ ሲስተካከል ደግሞ የተሸሸገው መድኃኒት ሊገድላቸው ነበር። እባካችሁ፣ ይህን መድኃኒት ለሳንባ የምትወስዱ እናቶችና እህቶች፣ ስሙ አያሳፍራችሁ። ቤተሰብም አይሳቅ። ጠርሙሱን ከነስሙ ቦርሳ ውስጥ ያዙ።

እትዬ ተኙ። የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ የቀኝ ልባቸው ጫና እንዳለበት ታየ፤ ይህ የቆየ ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒን ሁለቴ ተለካ፣ ሁለቴም ደህና ነበር። በማግስቱ ጠዋት የልብ ሐኪሙ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስሜቱ እንዴት እንደሆነ ብዙ አልጠየቃቸውም። የጠየቃቸው ስለ ጊዜው ነው። ስንት ደረጃ ሲወጡ ይጀምራል? በስንት ደቂቃ ይለቃል? ተኝተው መጥቶ ያውቃል? ከምግብ በኋላ ይብሳል? እትዬ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራቸው። ከአውቶቡስ ፌርማታ እስከ ሥራ ቦታቸው ባለችው ዳገት ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ላይ ይጀምራል። ቆመው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሳይጨርሱ ይለቃል።

ሐኪሙ ያንን በሰዓት ለመለካት ፈለገ። እትዬ በለሆሳስ ደገሙ፣ እሱ ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

በኋላ ኮሪደር ላይ ለምን እንደዚያ እንደጠየቀ ስጠይቀው አንድ የቆየ ታሪክ ነገረኝ። በ1933 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ብላንድ፣ ዋይት እና ጋርላንድ የተባሉ ሐኪሞች ስለ አንድ ጨቅላ ጽፈዋል። ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ድንገት ይጨነቃል፣ ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል። የልቡን ጡንቻ የሚመግበው የግራ ቧንቧ የተነሳው ከተለመደው ቦታ ሳይሆን ደም ወደ ሳንባ ከሚወስደው ቧንቧ ነበር። ለጨቅላ መጥባት ትልቅ ድካም ነው፤ የእሱ ዳገት ያ ነው። ሕፃኑ የሚናገረው ቃል አልነበረውም። ሕመሙ የተነበበው ከመጣበት ሰዓት ነው። ይህ ዓይነቱ አፈጣጠር አንዳንዴ ሳይታወቅ እስከ ጉልምስና ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የእትዬንም ቧንቧዎች አነሳስ ማየት ፈልጓል።

የልብ ሲቲ ስካን ተነሱ። የቧንቧዎቻቸው አነሳስ ትክክል ነው። ስብም አልተጋገረባቸውም። ችግሩ ሌላ ነበር። ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከ30 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው የሳንባ ቧንቧ እሳቸው ጋ 46 ሆኗል። አጠገቡ የልብን ግራ ክፍል አብዛኛውን የሚመግበው ዋናው የግራ ቧንቧ ያልፋል። ያበጠው ትልቅ ቧንቧ ያንን ቀጭን ቧንቧ ገፍቶ ደፍጥጦታል። ሐኪሙ ሥዕሉን ሲያሳያቸው እትዬ ቶሎ ገባቸው።

«የተረገጠ የውሃ ጎማ በለኛ!»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። ሲያርፉ በጠበበው ጎማ የሚያልፈው ደም ይበቃል። ዳገት ሲወጡ ልብ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ በዚያው ሰዓት የሳንባው ግፊት ይጨምርና እግሩ ጎማውን የበለጠ ይረግጠዋል።

ይህ ነገር በጽሑፍ የታወቀው ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ለረጅም ጊዜ ግን እጅግ ብርቅ ነው ተብሎ ሲታለፍ ኖረ። ጣሊያን ቦሎኛ ያሉ ሐኪሞች ግን ሆን ብለው ፈለጉት፤ ውጤቱን በ2017 እ.ኤ.አ. አወጡ። ከሚከታተሏቸው 765 የሳንባ ደም ወሳጅ ግፊት ታካሚዎች 121ዱ የደረት ሕመም ነበራቸው። ሁሉንም በሲቲ ስካን አዩዋቸው። 48ቱ ላይ ዋናው የግራ ቧንቧ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ጠቦ ተገኘ። ደረቴን የሚል የሳንባ ግፊት ታካሚ ሁሉ ተፈትሾ ከአሥሩ አራቱ ማለት ነው! የሳንባ ቧንቧው 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆኑ ዋናው ጠቋሚ ነበር። ለ45ቱ ስቴንት፣ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት መረብ፣ ገባላቸው፤ 41ዱ ከሕመሙ ተገላገሉ። ሐኪሙ እነዚህን ቁጥሮች ሲዘረዝር ስተረጉም ድምፄ ሞቅ ማለቱን አስታውሳለሁ። ሦስት ዓመት «የሳንባዎ ነው፣ ይቻሉት» የተባለው ነገር መጠገን የሚችል ሆኖ ተገኘ።

ምርጫው በቡድን ተመከረ። ደረት ተከፍቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አለ። የሳንባ ግፊታቸው ከፍ ላለ ሰው ግን ማደንዘዣው ራሱ አደጋ ነው፤ የደከመው ቀኝ ልብ ላይነሳ ይችላል። መድኃኒት ብቻ ጨምሮ ግፊቱን መቀነስም አለ። ነገር ግን አርባ ዓመት የተለጠጠ ቧንቧ በወራት ወደ ቦታው አይመለስም፤ እስከዚያ ደግሞ ልብ ድንገት ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ሦስተኛው ስቴንት ነው። ብዙ ጊዜ ስቴንት የሚገባው ከውስጥ በስብ የጠበበ ቧንቧ ለመክፈት ነው። እዚህ ግን የብረት መረቡ ሥራ ከውጭ የሚመጣውን ጫና መቋቋም ነው።

እትዬ ወዲያው እሺ አላሉም። ልጆቻቸውን አማከሩ። የንስሐ አባታቸውንም ደወሉላቸው። ጥያቄያቸው ስለ ጾም ነበር። ስቴንት ከገባ በኋላ ደም እንዳይረጋበት አስፒሪን እና ክሎፒዶግሬል በየቀኑ ይወሰዳል፣ አንድ ቀን አይዘለልም። እሳቸው ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም። አባታቸው «መድኃኒት ምግብ አይደለም ልጄ፣ በውሃ ዋጪ» አሏቸው። ሐኪሙ ይህን ስተረጉምለት ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ደስ አለኝ። ከማይጠየቁ ጥያቄዎች ዋናው ይሄ ነው፤ ስንቱ በሁዳዴ መድኃኒቱን በዝምታ ያቆማል።

ሐሙስ ጠዋት ከጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ ለብሼ ራስጌያቸው ቆምኩ። ከባድ ነው፣ ትከሻ ያጎብጣል። እትዬ ነቅተዋል፤ የሚያረጋጋ ነገር ብቻ ነው የተሰጣቸው። መጀመሪያ የሳንባው ግፊት ተለካ። አማካዩ 54 ሆነ፤ ጤናማው ከ20 አይበልጥም። ከዚያ በቀኝ የእጅ አንጓቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ልባቸው ተላከ። ቀለም ሲረጭ ቧንቧው ከፊት ለፊት ደህና ይመስላል። ሐኪሙ የኤክስሬዩን ክንድ ወደ ጎን አዘንብሎ በድጋሚ ረጨ። አሁን ክር አከለ። ቧንቧው ውስጥ የገባች ትንሽ አልትራሳውንድ ደግሞ ከውስጥ አሳየችው፦ ክብ መሆን የነበረበት ቀዳዳ እንደ ቁልፍ ቤት ጠፍጥፏል፤ ግድግዳው ግን ንጹህ ነው።

ፊኛው ስቴንቱን ይዞ ሲነፋ ለጥቂት ሰከንድ ደሙ ይቆማል። እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ። ነጻ በሆነችው እጃቸው ሽርጤን ያዙ።

«እሱ ነው! ያው እሱ ነው! አፈነኝ!»

ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። «ያው የዳገቱ ሕመም ነው ይላሉ።» ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ራሱን ነቀነቀ። ፊኛው ተነፈሰ። ሕመሙ ለቀቃቸው። ሦስት ዓመት ሰው ያላመናቸው ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ በስምንት ሰው ፊት ታየ። እኔ አለቀስኩ፤ አስተርጓሚ ማልቀስ የለበትም ቢባልም።

በሁለተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ለሳንባ ግፊቱ ሦስተኛ መድኃኒት ተጨመረላቸው። ስቴንቱ የሳንባውን በሽታ አይነካውም፤ ይህን ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። ምንጩ ሳይታከም ቢቀር ቧንቧው መለጠጡን ይቀጥላል። ከሦስት ወር በኋላ በስድስት ደቂቃ የሚራመዱት መንገድ ከ290 ሜትር ወደ 365 ሜትር ደርሷል። በዘጠነኛው ወር በድጋሚ በሲቲ ታዩ። ስቴንቱ ክፍት ነው።

ከዚህ ጉዳይ ተነስቶ ዳገት ላይ ደረቱን የሚይዘው ሰው ሁሉ የእትዬ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ይህ ብርቅ ነው፤ በአዋቂዎች ላይ የተለመደው ምክንያት ቧንቧ ውስጥ የሚጋገር ስብ ነው። ሁለቱም ግን የሚጀምሩት በተመሳሳይ ቃል ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ያፍነኛል» ብላችሁ አትተዉት። ምን ስትሠሩ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚይዛችሁ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚለቅ ጨምሩበት። አርፋችሁም ካልለቀቀ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ አምቡላንስ ጥሩ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት እወቁ። የስልኩ አልሰማ ካለ ሌላ ጠይቁ። ነውር የለውም።

ባለፈው ቀጠሯቸው ላይ እኔው ነበርኩ። ሐኪሙ እንደ ሁልጊዜው ወንበር ስቦ «ደረትዎ እንዴት ነው?» አለ። እትዬ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጣታቸውን አንስተው «ለያይተሽ ንገሪልኝ እሺ?» አሉኝ።

«ደረቴን አያፍነኝም። ጨርሶ ትቶኛል። ትንፋሼ ግን ዳገት ላይ አሁንም ያጥረኛል።»

ለያይቼ ነገርኩት። ሐኪሙም ለያይቶ ጻፈው።